አንበሳውም ኮራሉም በአንድ ዕረፍት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በምሥራቅ አፍሪካ የዱር እንስሳት ሳፋሪንና ስኩባ ዳይቪንግን (የአየር ታንክ ይዞ ባሕር ውስጥ መጥለቅን) በአንድ ጉዞ ስለማጣመር ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄዎቻችሁ አላቋረጡም። ተመሳሳዮቹን ሰብሰብ አድርጌ ዛሬ ስድስቱን እመልሳለሁ። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል። የጤና ጉዳይ ስለሆነ ሌላውን ብትዘሉ እንኳ እሱን አንብቡልኝ።

«ጥር መጨረሻ ላይ ሠርጋችን ነው። ለጫጉላ አሥር ቀን ታንዛኒያ ለመሄድ አስበናል። ሁለታችንም የመጥለቅ ፈቃድ አለን። ዛንዚባርን እናስቀድም ወይስ ሴሬንጌቲን?» ሙሽሮች፣ ከአዲስ አበባ

ጋብቻችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ። መጀመሪያ ዱሩ ማለትም ሴሬንጌቲ፣ ቀጥሎ ባሕሩ ማለትም ዛንዚባር፣ ከዚያ ደግሞ ውሃ ውስጥ የማትገቡበት አንድ ሙሉ ቀን ይሁን።

ምክንያቱ ናይትሮጅን ነው። ጠልቃችሁ ከታንኩ የምትተነፍሱት አየር ግፊት ስላለው ናይትሮጅኑ በደማችሁና በሰውነታችሁ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ በሳንባ እንዲወጣ ጊዜ ሳትሰጡት ወደ ከፍታ ከወጣችሁ፣ ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ አምቦ ውሃ አረፋ ያወጣል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ሕመም ይፈጥራል፤ ሲብስ አከርካሪንና አንጎልን ይጎዳል። የመጥለቅ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። የጠላቂዎችን ደኅንነት የሚከታተለው ዳን የተባለው ድርጅት አንድ ዳይቭ ብቻ ያደረገ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበር እንዲቆይ ይመክራል።

እኛ ደገኞች ግን ከዚህም በላይ መጠንቀቅ አለብን። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው። ወደ ዱባይ የሚመለስ ጠላቂ መሬት ሲነካ ግፊቱ ወደነበረበት ይመለስለታል። ቦሌ ግን ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አውሮፕላኑ አርፎ፣ ሻንጣችሁን ይዛችሁ፣ ቤታችሁ ገብታችሁ ተኝታችሁም ገና በአየር ላይ እንዳላችሁ ቁጠሩት። ስለዚህ አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው 18 ሰዓት አይበቃም ባይ ነኝ፤ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆዩ። በደረሳችሁ ማግስትም እንጦጦ ለመውጣት አትቸኩሉ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ያስጠለቀኝ ድርጅት «በረራሽ ማታ ነው፤ ጥዋት አንዴ ትጠልቂያለሽ» ሲለኝ እሺ ብዬ ገባሁ። ሌሊት ቤቴ ስደርስ የግራ ክርኔን ይወጋኝ ጀመር፤ እጄን ዘርግቼ ማስቀመጥ አቅቶኝ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ሐኪም ቤት ስሄድም መጥለቄን መናገር እንዳለብኝ አላወቅሁም ነበር። እናንተ ግን ከጉዞ በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ማዞር ከተሰማችሁ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ባሕር ውስጥ ጠልቄ ነበር» ይሁን። የመጀመሪያ እርዳታው ንጹሕ ኦክስጅን ነው።

ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡትም ችግሩ አብሯችሁ ይሄዳል። ከዛንዚባር በትንሽ አውሮፕላን አሩሻ ገብታችሁ የዱር እንስሳት ወደሚታዩበት ወደ ንጎሮንጎሮ ስትወጡ የእሳተ ገሞራው ጉድጓድ ጠርዝ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። በመኪና መውጣትም ከፍታ መውጣት መሆኑን አትርሱ።

ወሩን በተመለከተ ግን ጥር ሠርግ መደገሳችሁ መታደል ነው። ከጥር እስከ የካቲት መጨረሻ ዊልደቢስት የሚባለው ሣር በል የዱር እንስሳ መንጋ በደቡብ ሴሬንጌቲና በንዱቱ ሜዳ ላይ ይወልዳል። አንድ ጥዋት ላንድክሩዘራችን ሞተሩን አጥፍቶ ቆሞ ሳለ ከፊታችን አንዷ ወለደች። ጥጃው እርጥብ ነው፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሣል። በአራተኛው ቆመ። ሾፌራችን ሰዓቱን አሳየን፤ አሥር ደቂቃ አልሞላም። ጅብ በቅርብ ርቀት ስለሚጠብቅ ቶሎ ያልቆመ ጥጃ አይተርፍም። ባሕሩም በዚያው ወቅት ሞቃትና ጥሩ ነው። ኪሳችሁ ከፈቀደ ከዛንዚባር ይልቅ ማፊያ ደሴትን አስቡ፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ ዌል ሻርክ የሚባለው ትልቁ ዓሣ ወደ ዳርቻው ይቀርባል።

አራት ሌሊት ዱር፣ ሦስት ቀን መጥለቅ፣ አንድ ቀን የዛንዚባርን አሮጌ ከተማ ስቶን ታውንን እየተንሸራሸሩ ማሳለፍ። አሥሩ ቀን ከነመንገዱ ይበቃችኋል።

«ጣና ዳር ስላደግሁ በደንብ እዋኛለሁ፤ መጥለቅ ግን አልሞከርኩም። ዛንዚባር ሄጄ መማር እችላለሁ?» ወጣት፣ ከባሕር ዳር

በሚገባ። የመጀመሪያ ደረጃው ኮርስ ኦፕን ዋተር ይባላል፤ ሦስት ወይም አራት ቀን ይወስዳል። 200 ሜትር ያለ ሰዓት ገደብ ትዋኛለህ፣ አሥር ደቂቃ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለህ፤ ለአንተ ይህ ቀላል ነው። ስትጨርስ እስከ 18 ሜትር እንድትጠልቅ ይፈቀድልሃል። ንባቡን ከጉዞህ በፊት በኢንተርኔት ጨርሰው፤ ዛንዚባር ሄዶ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያሳዝናል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ጆሮህ። 10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከባሕሩ ወለል እጥፍ ነው፤ ለውጡ የሚበረታው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ላይ ነው። አፍንጫህን ይዘህ በቀስታ እየነፋህ ውረድ፤ ካመመህ ትንሽ ወደ ላይ ተመለስ። ዛንዚባር አጠገብ ባለችው ምኔምባ ደሴት አካባቢ የመጀመሪያ ዳይቬ ላይ አምስት ሜትር ስደርስ ግራ ጆሮዬ እንደ ወስፌ ወጋኝ። አስተማሪው እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ፤ ገመዱን ይዘን ጠበቅን። ጆሮዬ ጠቅ ብሎ ሲከፈት ከሥራችን የባሕር ኤሊ ሣር ስትግጥ አየሁ። ቸኩዬ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ በሕመም ነበር የማሳልፈው። ጉንፋን ካለብህ ደግሞ ጨርሶ አትጥለቅ። ትንፋሽህንም ውሃ ውስጥ በምንም ምክንያት አትያዝ።

«ልጆቼ 9 እና 13 ዓመታቸው ነው። የምንችለው በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ሲዘጋ ብቻ ነው። ያዋጣናል?» እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለሳፋሪው ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ ከሐምሌ ጀምሮ የዊልደቢስቱ መንጋ በሰሜን ሴሬንጌቲና በኬንያው ማሳይ ማራ የማራን ወንዝ ይሻገራል። ባሕሩ ግን በእነዚያ ወራት የደቡቡ ነፋስ፣ ስዋሂሊዎች ኩሲ የሚሉት፣ ስለሚነፍስበት በኬንያ ዳርቻ ይናወጣል፣ ይደፈርሳልም። እኔ ብሆን ዛንዚባርን እመርጥ ነበር፤ ደሴት ስለሆነ አንዱ ወገን ሲናወጥ በሌላው መጠለል ይቻላል። ትልቁ ልጅዎ ኮርሱን መውሰድ ይችላል። ትንሹ ግን ዝቅተኛው ዕድሜ 10 ስለሆነ ዓመት ይጠብቅ፤ እስከዚያ በማስክና በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ) ላይ ላዩን ይዋኝ። የሚያባብልዎ ድርጅት ካለ እምቢ ይበሉ፣ እኅቴ።

«የወባ መድኃኒት ከመጥለቅ ጋር ይጋጫል ወይ?» ከአዋሳ

አንዱ ይጋጫል። ሜፍሎኩዊን ማዞርና መረበሽ ሊያመጣ ይችላል። ይህ ከመጥለቅ ሕመም ምልክት ጋር ስለሚመሳሰል የጠላቂ ሐኪሞች አይወዱትም። ሐኪምዎን ስለ አቶቫኩዎን ፕሮጓኒል ወይም ስለ ዶክሲሳይክሊን ይጠይቁ፤ ሁለተኛው ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። መጥለቅዎን መንገር እንዳይረሱ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይያዙ፤ ከኢትዮጵያ ሲገቡ ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተከተቡ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

«ዕረፍቴ ፍልሰታ ላይ ዋለ። ጾሜን ሳልፈታ መጥለቅ እችላለሁ?» ከአዲስ አበባ

የምግቡ ነገር አያስጨንቅዎ። የስዋሂሊ ቤት ባቄላውን በኮኮናት ወተት ይሠራዋል፤ ሩዝና ጎመን ሁልጊዜ አለ። «ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል» ብለው አስቀድመው ይንገሩ። የሚከብደው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ መቆየቱ ነው። የውሃ ጥም ደምን ያወፍራል፣ ሰውነትንም ያዳክማል፤ ለጠላቂ ጥሩ አይደለም። ጀልባዎቹ ደግሞ የሚወጡት ጥዋት ነው። ከንስሐ አባትዎ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለመጾም ከወሰኑ ግን ያን ሳምንት ለሳፋሪው ያድርጉት፤ መጥለቁን ከነሐሴ 16 በኋላ ያውሉት።

«ታንዛኒያ ከአቅሜ በላይ ነው። በቅርብ የሚገኝ የለም?» መምህር፣ ከድሬዳዋ

አለ፤ እንዲያውም ደጃፍዎ ላይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጅቡቲ ውስጥ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ ዳርቻ አጠገብ ዌል ሻርኮች ይመጣሉ። አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ናቸው፤ ሆኖም ከጎናቸው ሲዋኙ ነጠብጣብ ጀርባቸው አያልቅም። የሚታዩት በስኖርክል ስለሆነ ታንክም ኮርስም አያስፈልግዎ፤ ናይትሮጅኑም አያሳስብዎ። እጅዎን ግን አይስደዱ፤ ከአፉ ፊትም አይቁሙ። ለዱሩ ደግሞ አዋሽ ፓርክ አለልዎ፤ ሳላ፣ ከርከሮና የፏፏቴው አዞዎች አሉ፤ ጥዋት በ12 ሰዓት ቢገቡ ሳላዎቹን ሜዳው ላይ ያገኟቸዋል። ከድሬዳዋ ጅቡቲ በባቡር ይሂዱ፤ ሲመለሱ ድሬዳዋን አልፈው አዋሽ ድረስ ይሂዱና እዚያ ሁለት ሌሊት ይደሩ።