በኮሮና ጊዜ እንቅልፍ የነሳኝ ስልኩ ነበር

ቅዳሜ ዕለት አንዷ እህታችን እንዲህ ብላ ጠይቃ ነበር፦ «ድሬዳዋ ውስጥ ሁለት ቦታ ሥራ አግኝቻለሁ። አንዱ ደመወዙ ደህና ነው፣ ግን ኮንትራት ነው፣ ሰዓቱም አይታወቅም። ሌላው ደመወዙ ዝቅ ይላል፣ ቋሚ ነው። እናቴ ደግሞ እንደ ኮሮና ያለ ነገር ቢመጣስ እያለች ታስጨንቀኛለች። ያኔ የሠራችሁ፣ የቱ ይሻላል?» መልሶቹን አየሁ። አብዛኛው ሰው «ብሩን ያዢ» ብሏል። እኔ በዚያ ዓመት ሁለቱንም ዓይነት ቦታ ስለቀመስኩ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አገር ውስጥ ተገኘ ሲባል፣ ከጅቡቲ ዕቃ የሚገባበት መጋዘን ውስጥ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። ሹፌሩ ይመጣል፣ ወረቀቱን እጄ ላይ ያስቀምጣል፣ ይሄዳል። መንገድ ላይ ማንን እንዳገኘ ማን ያውቃል? ማስክ በሳምንት አንድ ነበር የሚሰጠን። ማታ አጥቤ መስኮት ላይ እሰቅለዋለሁ፤ በድሬ ሙቀት ሳይነጋ ይደርቃል። በሦስተኛው ቀን ላስቲኩ ይላላና በስፒል እይዘዋለሁ።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ የባሰው ስልኩ ነበር። ሥራ ስለቀዘቀዘ ፈረቃው በስልክ ሆነ። ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ተደውሎ «ነገ ግቢ» ወይም «ነገ ቅሪ» ይባላል። የቀረሽበት ቀን አይከፈልም። አንዳንዴ እስከ 5 ሰዓት አይደወልም። ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ እጠብቃለሁ። ቢደውሉ እናቴ ስኳር አለባት፣ በሽታውን ይዤባት እንዳልገባ እፈራለሁ። ባይደውሉ ደግሞ የነገው ዳቦ ያሳስበኛል።

አንድ ጫኝና አውራጅ ነበር፣ የሦስት ልጆች አባት። አንድ ጠዋት ሲያስል ሰማሁት። ፊቱ ቀልቷል፣ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ጠጋ ብዬ ስጠይቀው «የአቧራ ነው እህቴ፣ አደራ ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። አልተናገርኩም። አብረውት ስምንት ሰዎች ይሠሩ ነበር። እስካሁን ይከነክነኛል። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ታምሜያለሁ ካለ የልጆቹ ራት ይቀራል። አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲመጣ ሠራተኛ እንዳይባረር ተከልክሎ ነበር፤ እሱን ግን ማባረር አያስፈልግም፣ አለመደወል ይበቃል።

ይሄ ነገር ለድሬ ሰው አዲስ አይደለም። በ2011 ክረምት ትንኝ የምታስተላልፈው ቺኩንጉንያ የሚባለው በሽታ ከተማውን አልጋ ላይ ሲጥል ጣቶቼ እስክሪብቶ አልይዝ ብለው ነበር። ቀን እንዳይቆረጥብኝ በአራተኛው ቀን ገባሁ። መገጣጠሚያዬን ለወራት አመመኝ።

ነሐሴ ላይ ሳቢያን አካባቢ ወዳለ ዳቦ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሄድኩ። ደመወዙ ያንሳል። በሽታውም ያው በሽታ ነው፤ እንዲያውም ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ስለሚገባ አደጋው ይብሳል። ግን ተኛሁ። ለምን? ዓርብ ዓርብ የሁለት ሳምንት ፈረቃ በወረቀት በሩ ላይ ይለጠፋል። ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ አሠሪያችን ሰብስቦ ያለውን ነገር ይነግረናል። አንድ ወር «ደመወዝ 5 ቀን ይዘገያል» አለን። ልክ በ5 ቀኑ ከፈለን። ጋጋሪው ትኩሳት ሲይዘው ራሱ መጥቶ ተናገረ፣ 14 ቀን ቤቱ ተቀመጠ፣ ደመወዙም አልተነካም። እኛ ሥራውን ተካፈልነው። ማንም አልደበቀም።

ብር ምንም አይደለም የሚልሽን ግን አትስሚ። የጆሮ ወርቄን የሸጥኩት እዚያው ዳቦ ቤት እየሠራሁ ነው።

በኋላ ሳነብ፣ ሮበርት ካራሴክ የሚባል ተመራማሪ ገና በ1979 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጽፎ አገኘሁ። ሰውን የሚጎዳው ሥራው ሲበዛበት ብቻ አይደለም፣ በሥራው ላይ የሚወስነው ነገር ሳይኖረው ሲበዛበት ነው ይላል። ያን ስልክ አስታወሰኝ።

ስለዚህ «ኮንትራት» እና «ቋሚ» የሚለውን ቃል ብቻ አትይ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ 1156/2011፣ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር። የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር በግማሽ፣ የቀረው 3 ወር ያለ ክፍያ። የኮንትራት ሠራተኛም በዚሁ ሕግ ይሸፈናል። የሐኪም ማስረጃ ያዢ፣ በቀረሽ ማግስትም አሳውቂ። ስትፈርሚ ውሉ ላይ ስለ ሕመም የተጻፈውን ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ፈረቃው በስንት ቀን ቀድሞ እንደሚነገርም ጠይቂ። ጥያቄው ካስቆጣቸው መልሱን አግኝተሻል።

አቦ፣ አንድ ነገር አድርጊልኝ። 11 ሰዓት ላይ ወደ ሁለቱም ቦታ ሂጂና ሠራተኛው ሲወጣ ጠብቂ። ሁለት ሦስት ሴቶች አስቁመሽ «ቺኩንጉንያ የያዛችሁ ጊዜ ምን አሏችሁ?» በያቸው። ድሬ ውስጥ ያልያዘው ቤት የለም፣ ሁሉም ይነግርሻል። የሚሉሽን እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።