መልስ፦ መሬቱ የመንግሥት ከሆነ ነዋሪው ምን ያደርጋል?

በአሜሪካ የሰሜን ዳኮታ ግዛት ያለውን ባድላንድስ (የተሸረሸረ ገደላማ ምድር ነው) ተራ ሰው እንዴት ሊጠብቀው ይችላል ላልከው ወንድሜ፣ ትግሉ በአብዛኛው የወረቀት ነው። እዚያ ያለው የሊትል ሚዙሪ ብሔራዊ የሣር ምድር ከ1 ሚሊዮን ኤከር በላይ ነው፤ የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የደን አገልግሎት ነው። ትልቅ የነዳጅ ወይም የመንገድ ፕሮጀክት ሲታቀድ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ጥናት ብዙ ጊዜ ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል። «ተፈጥሮን አድኑ» የሚል ደብዳቤ እዚያ ብዙም አይረዳም። «ይህ መንገድ የዱር በጎቹ የሚወልዱበትን ገደል ያቋርጣል» ብለህ ከነካርታው ስታስገባ ግን ዝም ብለው አያልፉህም።

ከብት አርቢዎቹንም አትሽሻቸው። የነዳጅ ጉድጓዱ የሚቆፈረው ደጃቸው ላይ ነው፤ ግጦሹንም ከማንም በላይ ያውቁታል። ሸክላ አፈሩ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ ደግሞ የጎማው ቦይ እንዳለ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ፎቶ አንስተህ፣ ቀንና ቦታ ጽፈህ ከአስተያየትህ ጋር አያይዘው።