ሥሩ ላይ «ሜድ ኢን ቻይና» ያለው ሳህን ዕድሜው ስንት ነው?

ሰላም እህቴ፣ ሜሪላንድ ኢስቴት ሴል (የአንድ ቤት ዕቃ ተጠቃሎ የሚሸጥበት) ላይ ስለገዛሽው ባለሮዝና አረንጓዴ ጎድጓዳ ሳህን ነው የጠየቅሽው። ሻጩ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው ብሎሻል፤ ሥሩ ላይ ግን በቀይ «ሜድ ኢን ቻይና» ይላል።

የ18ኛው ክፍለ ዘመን አይደለም። አሜሪካ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲጻፍበት ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ1890 በወጣው የማኪንሊ ታሪፍ ሕግ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለውም በ1891። «ሜድ ኢን» ሲጨመርበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 20ኛው ክፍለ ዘመን ገብተናል። የጃፓን ስኒ ላይ «ኒፖን» (ጃፓን በራሷ ቋንቋ) የሚለውም የዚሁ ሕግ ውጤት ነው፤ በ1921 የአሜሪካ ጉምሩክ «ጃፓን» ተብሎ ይጻፍ እስኪል ድረስ ቆየ።

ጽሑፍ የሌለው ሁሉ አሮጌ ነው ማለትም አይደለም። ለማስወደድ ብለው የሚፍቁት አሉ። እኔ ሁሌም ሳህኑን ገልብጬ የስልኬን መብራት ከጎን አበራበታለሁ፤ የተፋቀ ካለ ያ ቦታ ብቻ ደብዘዝ ይላል። ከዚያ ሥዕሉን በጣትሽ ዳብሺው። በእጅ የተሳለ ከሆነ ቀለሙ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰማሻል፣ የተሳሉት ሰዎችም ፊታቸው አንድ ዓይነት አይሆንም። የታተመ ከሆነ ልስልስ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ስታዪው ነጠብጣብ ይወጣል።

በፎቶው ላይ ዙሪያውን አንዱ ክፍል ሰው፣ ቀጣዩ ወፍና ቢራቢሮ እየሆነ ይሄዳል። ይሄ ሮዝ ሜዳሊየን የሚባለው ነው፤ 19ኛው ክፍለ ዘመን ላይ አሜሪካኖች በጣም ይወዱት ነበር። ነጩ ሳህን ጂንግደዠን በምትባለው የቻይና የሸክላ ከተማ ይሠራና ወደ ጓንግዡ ወርዶ ወደቡ አጠገብ በገዢው ፍላጎት ይሳልበታል። ሮዙ ቀለም የሚገኘው በጣም ከደቀቀ ወርቅ ነው።

አንዱ ወንድማችን «ለፈረንጅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ እውነተኛ የቻይና ጥበብ አይደለም» ብሏል። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የሳሉት እዚያው አገር ሙያቸው ያደረጉት ሰዎች ናቸው፣ ገዢው ሩቅ መሆኑ እጃቸውን አይቀንሰውም። ከካንቶን (ፈረንጆች ጓንግዡን የሚጠሩበት ስም) ሻይ የሚጭኑ መርከቦች ውሃ ስለማይጎዳው ፖርሴሊኑን፣ ማለትም ነጩን የሸክላ ዕቃ፣ ከሻዩ ሥር ይደረድሩት ነበር፤ በ1752 የሰጠመችው የሆላንድ መርከብ ጌልደርማልሰን በ1980ዎቹ ስትገኝ ከመቶ ሺህ በላይ ዕቃ ወጣላት፣ ባሕር ውስጥ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶም ብዙው ደህና ነበር። አብዛኛው ደግሞ ተራ የቤት ሳህንና ስኒ ነው! እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ዋጋውን ስታጣሪ ሻጮች የጠሩትን ሳይሆን የተሸጠበትን እዪ። ወርቅ ቅብ ካለው ማይክሮዌቭ አታስገቢው። ሎሚ ወይም ቲማቲም ያለበት ምግብም አታቅርቢበት፣ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። የሥሩን ጠርዝ፣ ልባስ (የሚያብረቀርቀው ሽፋን) የሌለውን ቦታ፣ በቀን ብርሃን ቅርብ አድርገሽ አንሺና ላኪልን።