ግንቡ ላይ አይቸኩሉ፣ ሰዎቹን ግን አያስጠብቁ

ጥያቄ፦ ዙሪያውን በጡብ ግንብ የታጠረ፣ ለብዙ ዓመት ሰው ያልገባበት የአትክልት ቦታ አለ። ባለቤቶቹ የአካባቢው ሰው እንዲያለማው ፈቀዱልን። ወደ 2,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ውስጡ በአረም ተውጧል፣ ግንቡን ሐረግ ወርሶታል፣ አራት ያረጁ የፖም ዛፎችም አሉበት። በፐርማካልቸር፣ ማለትም የተፈጥሮን አሠራር ተከትሎ በማልማት መንገድ ልናቀናው አስበናል። በመጀመሪያው ስብሰባ 32 ሰው መጣ፣ በሦስተኛው ግን ዘጠኝ ብቻ። አንዱ «ትራክተር አስገብተን እንገልብጠው» ይላል፤ አንዷ ደግሞ «ዓመት ሙሉ ምንም ሳንነካ እንመልከተው» ትላለች። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ሰውየውን አይስሙት፤ ሴትዮዋን በግማሽ ይስሟት።

መጀመሪያ የትራክተሩን ነገር እንጨርስ። የቆየ ቦታ ላይ አፈሩን የሚወርሱት አብዛኛውን ጊዜ ሥራቸው ከመሬት በታች የሚሳብ አረሞች ናቸው። ማረሻ ሥራቸውን ይቆራርጠዋል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም ራሱን ችሎ ያቆጠቁጣል። አንድ አረም አስገብታችሁ መቶ አረም ታወጣላችሁ።

የሴትዮዋ ሐሳብ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግሬን አውስትራሊያ ውስጥ ፐርማካልቸርን ሲጀምሩ፣ ከመቆፈር በፊት ማየትን አስቀድመዋል። ነገር ግን ከሆልምግሬን 12 መርሖዎች የመጀመሪያው መመልከትን ብቻ አያዝም፤ እየተመለከቱ መሥራትን ነው የሚያዘው። እኔ ይህን የተማርኩት ሰው ካለቀብኝ በኋላ ነው። የእኛን ግንብ ግቢ ስንረከብ የመጣውን ሁሉ ማስታወሻ ደብተር አስይዤ «ጥላው የት እንደሚውል መዝግቡ» አልኩ። ወቅቱ ሲያልቅ መዝጋቢው እኔና አንዲት ጡረተኛ መምህርት ብቻ ሆንን። ሰው ጥላ ሊቆጥር ከቤቱ አይወጣም።

ስለዚህ የማይነሣውን ሥራ፣ ማለትም ዛፉን፣ መንገዱንና ውሃ ማቆሪያውን፣ ለዓመቱ መጨረሻ ያቆዩት። በሩ አጠገብ ግን፣ ማንም ሳያየው በማያልፍበት ቦታ፣ በዚህ ሳምንት አንድ መደብ ይጀምሩ። አሥር ካሬ ሜትር ይበቃል። ሰላጣና ቆስጣ ይዝሩበት፤ በሁለት ወር ውስጥ ሰው ቅጠል ይዞ ይገባል። መደቡ በሣጥን ተሠርቶ ከውጭ በመጣ አፈር ይሞላ። የድሮው አፈር ላቦራቶሪ ሳይታይ የሚበላ ነገር አይብቀልበት፤ በአሮጌ ግቢ ውስጥ ከመስታወት ቤት ቀለም የረገፈ እርሳስ (መርዛማው ብረት)፣ ለፖም ዛፍ ከተረጨ ጥንታዊ መድኃኒት የቀረ አርሴኒክ የተባለ መርዝ ሊኖር ይችላል። ውጤቱ ንጹህ ከሆነ ቀሪውን መሬት ያለ ቁፋሮ ያሰናዱት፦ ፕላስቲኩ የተላጠለት ካርቶን አንጥፎ ማራስ፣ ከላዩ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ብስባሽ መከመር። ሥሩ የሚሳበው አረም ካርቶኑን ጥሶ ብቅ ይላል፤ ብቅ ባለ ቁጥር መንቀል ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

አሁን ወደ ግንቡ። የዚህ ቦታ ትልቁ ሀብት እሱ ነው፣ ጠያቂዬ ግን ስለ ሐረጉ እንጂ ስለ ጡቡ ሁኔታ ምንም አልነገሩኝም። ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል፤ ብርድ የሚፈራ ፍሬ ቦታው እዚያ ነው። ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር ግን ዝናብ ስለማይደርሰው ደረቅ ነው፤ ችግኙን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቀው ተክለው ወደ ግድግዳው ያዘንብሉት። ግቢው ተዳፋት ከሆነ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ በታችኛው ግንብ ይታቆራል። ውርጩ የሚመታው እዚያ ነው። ታች በኩል በር ካለ ከሥሩ ክፍተት ይተውለት።

ሐረጉን አይጎትቱ። ሥሩ ኖራው ውስጥ ገብቷል፣ ሲጎተት ጡቡን ይዞ ይመጣል። ከታች ቆርጠው ይተውት፤ ከወራት በኋላ ደርቆ ሲላቀቅ በእጅ ያንሡት። የተቦረቦረውንም በሲሚንቶ አይድፈኑ! እኔ ስድስት ሜትር ደፈንኩ፣ ኮራሁበትም። ሲሚንቶ ከአሮጌ ጡብ ይጠነክራል፣ እርጥበትም አያሳልፍም፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ በጡቡ በኩል ይወጣል። በሦስተኛው ክረምት የጡቦቹ ፊት እንደ ቅርፊት ረገፈ። የድሮ ግንብ በኖራ ነው የሚጠገነው። ያዘመመ ወይም የተነፋ ቦታ ካለ ደግሞ ባለሙያ ሳያየው አጠገቡ ሰው አይሥራ።

ፖሞቹን ባንዴ አይከርክሙ፤ በዓመት ከቅርንጫፉ ከሩብ በላይ ከተነሣበት ዛፉ ደንግጦ ፍሬ የማይሰጥ ቀጥ ያለ ቀንበጥ ያፈላል። አንዱ ቢሞት ምትክ ፖም እዚያው ጉድጓድ አይትከሉ።

የትራክተሩን ሰውዬ አደራ እንዳያባርሩት። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ይፈልጋል። ብስባሹን ያስረክቡት፦ ቢያንስ አንድ ሜትር ኩብ የሆነ ክምር፣ እርጥብና ደረቅ የተቀላቀለበት፣ መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ የሚገለበጥ። መገልበጥ ይወድ የለ! ውሃውንም እሱ ይያዝ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ የ30 ካሬ ሜትር የዕቃ ቤት ጣሪያ አሸንዳ ቢደረግለት ከ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 600 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሦስት በርሜል ይሞላል።

የሥራ ቀን አንድ ይሁን፣ አይለዋወጥ፤ ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣም ይሠራ። ምርቱ እንዴት እንደሚከፋፈል ገና ሳይበቅል ይወስኑ። እኛ የተጣላነው በአረም ወይም በገንዘብ አይደለም፤ አንዷ አራት ወር ውሃ ስታጠጣው የከረመችውን ዱባ ሌላው ቅዳሜ ጠዋት ቆርጦ ስለወሰደው ነው። እስካሁን ሰላም አይባባሉም።

አንድ ነገር ግን በደብዳቤዎ አላገኘሁም፦ ባለቤቶቹ የፈቀዱት በቃል ነው ወይስ በጽሑፍ፣ ለስንት ዓመትስ? አዲስ ፖም ጥሩ ምርት እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል። የሁለት ዓመት ፈቃድ ከሆነ ዛፍ አይትከሉ፣ ቅጠላ ቅጠል ይበቃችኋል። ግንቡ ቢፈርስ የሚጠግነው ማን እንደሆነም እዚያው ወረቀት ላይ ያስጽፉ፤ ይህን ሳያደርጉ ኖራ እንዳይገዙ።