ከእጅ ሥር የሚደበቀው ሜኑ

ጥያቄ፦ የታብሌት ስዕል አፕ እየሠራሁ ነው። በማውስ ስሞክረው ሜኑው ምንም አይልም። በስታይለስ (በስክሪን ብዕር) የሚስሉት ግን «ምርጫዎቹ አይታዩንም፤ ንዑስ ሜኑውም ሳንደርስበት ይዘጋል» ይሉኛል። ፊደሉን ላተልቀው?

መልስ፦ ፊደሉን አይንኩት። የሚጋርዳቸው የራሳቸው እጅ ነው። ማውስ ስንይዝ እጃችን ጠረጴዛ ላይ ነው። ስታይለስ ስንይዝ ግን መዳፋችንም ስክሪኑ ላይ ያርፋል። እስቲ ታብሌቱን ያስተኙና ብዕሩን መሐሉ ላይ ያሳርፉት። በቀኝ እጅዎ ከያዙት፣ ከጫፉ በስተቀኝ ወደ ታች ያለው በሙሉ ተሸፍኗል። የማውስ ሜኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘረጋው እዚያው ነው!

ስለዚህ ሜኑውን ከጫፉ ወደ ግራና ወደ ላይ ይክፈቱት። ለግራኝ ወደ ቀኝና ወደ ላይ ይሁን። በየትኛው እጅ እንደሚስሉ ሴቲንግ ውስጥ አንዴ ይጠይቋቸው። ግራኞችን «ጥቂት ናቸው» ብሎ መተው በፍጹም አልስማማበትም።

ንዑስ ሜኑው የሚዘጋበት ምክንያት ሌላ ነው። ከአንዱ ምርጫ ጎን ወደሚከፈተው ንዑስ ሜኑ ለመሻገር ብዕሩ ከአንዲት ቀጭን መስመር ሳይወጣ መሄድ አለበት። መንገዱ በረዘመና በጠበበ ቁጥር መሳት ይበዛል። በዚያ ላይ ተራ ስታይለስ ስክሪኑን ካልነካ አፑ መኖሩንም አያውቅም። ጠቋሚው ሲያንዣብብ የሚከፈት ሜኑ ለእሱ አይሠራም። ስለዚህ ሲነካ ይከፈት፤ በዋናው ሜኑ ቦታ ይተካ፤ መመለሻም ይኑረው።

ብሩሽና ማጥፊያን ለመሳሰሉ፣ በየደቂቃው ለሚፈለጉ ነገሮች እኔ ክብ ሜኑ እመርጣለሁ። ምርጫዎቹ ጫፉን ከበው ስለሚቀመጡ ሁሉም እኩል ቅርብ ናቸው። ከ8 አይበልጡ። ከእጁ ሥር የሚውለውን ክፍል ባዶ ይተዉት። ሰውየው ሲለምደው ሜኑውን ሳያይ ወደ አቅጣጫው ጫር አድርጎ ይመርጣል። ይሄ ለሠዓሊ ትልቅ ነገር ነው፤ ዓይኑ ከስዕሉ አይነሳም።

ቁልፎችን ጠርዝ ላይ አይለጥፉ። የማውስ ጠቋሚ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ብዕር ግን ሸርተት ብሎ ይወጣል።

ትእዛዙም ብዕሩ ሲነሳ እንጂ ሲያርፍ አይፈጸም። ያኔ ተሳስቶ የነካ ሰው ብዕሩን ሳያነሳ ወደ ውጭ ስቦ ማምለጥ ይችላል። ጫፉ ሲያርፍ ትንሽ መንሸራተቱ አይቀርም፤ ያንን መጎተት ነው ብለው አይቁጠሩበት። የብዕሩ ጫፍ ቀጭን ነው ብለውም ምርጫዎቹን አያጣብቡ። አንድሮይድ ለጣት የሚመክረውን 48 ዲፒ (ዲፒ የአንድሮይድ የስክሪን መጠን መለኪያ ነው) ይያዙ፤ ብዕር የያዘ ሰውም ቢሆን አንዳንዴ በጣቱ ይነካል።