በአያቴ ሜዳይ ላይ ስማቸው የለም፤ የሳቸው ነው ማለት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ወንድ አያቴ የቃኘው (ወደ ኮሪያ ጦርነት የተላከው የኢትዮጵያ ጦር) ዘማች ነበሩ፤ ካረፉ ቆይተዋል። በቅርቡ የሴት አያቴን ሳጥን ስናራግፍ ከታች በጨርቅ የተጠቀለለ ክብ ሜዳይ አገኘን። ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ በአማርኛ። የአክስቴ ልጅ የጀብዱ ሜዳይ ነው ይላል። አንድ ጎረቤታችን ግን “ይሄማ ለሁሉም የታደለ ነው” አሉኝና ቅር አለኝ። ስማቸውም የለበትም። በእርግጥ የሳቸው ነው? ደግሞ ጠቁሯል፤ ልወልውለው?
(ሄ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ ሄ.፣ መጀመሪያ እንኳን አገኛችሁት! አሁን የምነግርህን ሳትሰማ ምንም እንዳትቀባው።

እንደገለጽከው ከሆነ በእጅህ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነው። ጎረቤታችሁ ልክ ናቸው፤ የጀብዱ ሳይሆን የአገልግሎት ሜዳይ ነው። ግን ቅር አይበልህ። የጀብዱ ሜዳይ አዛዥ አይቶ፣ ምስክር ተቆጥሮ፣ ለአንድ ሰው ለአንድ ሥራ የሚሰጥ ነው። ከቃኘው ልጆች መካከል ከአሜሪካ ጦር የብር ኮከብና የነሐስ ኮከብ የተሸለሙ አሉ። የአገልግሎት ሜዳይ ደግሞ “እዚያ ነበርክ” የሚል ነው። መትረየስ የተኮሰውም፣ በሌሊት ቁስለኛ የተሸከመውም፣ ወጥ ቤት የሠራውም፣ መኪና የነዳውም አንድ ዓይነት ያደርጋሉ፤ መኮንን ተራ ወታደር ብሎ ልዩነት የለውም። ለእኔ ይሄ ያስከብረዋል እንጂ አያሳንሰውም። ምክንያቱም በዚያ ጦርነት ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘምተው ከ120 በላይ እዚያው ወድቀዋል፤ በሕይወት የተመለሰውም ቢሆን የኮሪያን ብርድ፣ ተራራና ምሽግ አይቶ ነው የመጣው።

ሜዳዩን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የወሰነው ታኅሣሥ 3 ቀን 1943 ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ገና አልተንቀሳቀሰም ነበር፤ ከክብር ዘበኛ ተውጣጥቶ ከአገር የወጣው ሚያዝያ 1943 ላይ ነው። እስቲ አሁን በእጅህ ይዘህ ተመልከተው። ነሐስ ነው። ከፊት ለፊቱ የድርጅቱ ዓርማ አለ፣ የዓለም ካርታ በወይራ ዝንጣፊ ታቅፎ። ሪባኑን ቁጠረው፤ 17 ቀጫጭን መስመሮች ታገኛለህ፣ 9 ሰማያዊ 8 ነጭ፤ የድርጅቱ ባንዲራ ቀለሞች ናቸው። ሪባኑ ላይ የኮሪያ ስም የተጻፈበት ዘንግ አለ። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር መርሆዎች ለመከላከል ለተሰጠ አገልግሎት መሆኑን ይናገራል።

ይሄ ጽሑፍ ነው እኔን ሁሌም የሚነካኝ። ድርጅቱ ሜዳዩን በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ብቻ አስቀርጾ መገላገል ይችል ነበር። ግን ለቱርኩ በቱርክኛ፣ ለግሪኩ በግሪክኛ፣ ለታይላንዱ በታይኛ፣ ለእኛ ደግሞ በፊደላችን በአማርኛ ተሠራ። የእንግሊዝኛውን ብዙ ቦታ ታየዋለህ። የአማርኛውን ግን ያደረገው የእኛ ዘማች ብቻ ነው። ስለዚህ አያትህ ቃኘው መሆናቸው በቤተሰብ ከታወቀና ሜዳዩ ከሳጥናቸው ከወጣ የሌላ ሰው ነው ብለህ የምትጠራጠርበት ምክንያት አይታየኝም።

ስሙን በተመለከተ፣ ሜዳዩ ሲታደል ስም አልነበረበትም። እንደ ካናዳ ያሉ አገሮች የየወታደሩን ስም በራሳቸው አስቀርጸዋል፤ የእኛው ግን ባዶውን ቀረ። እዚህ ላይ ነው የምለምንህ። ሜዳዩ ብቻውን ባለቤቱን አይናገርም። አንተ ዛሬ ታውቃለህ፣ ልጅህ ምናልባት ይሰማ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ግን ገበያ ላይ የሚዞር ብረት ነው የሚሆነው። ዛሬውኑ ወረቀት አንሣና የአያትህን ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ የስንተኛው ቃኘው ዘማች እንደነበሩ፣ የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፍ። ሴት አያትህ በሕይወት ካሉ ቁጭ ብለህ ጠይቃቸው፣ በስልክህም ቅዳቸው። ፎቶ ካለ ከጀርባው ጻፍበት። ለምን በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሳጥን ሥር እንደተደበቀም ጠይቅ። በደርግ ጊዜ “ከአሜሪካ ጋር ሆነው ኮሚኒስቶችን የወጉ” መባል ቀላል ነገር አልነበረም፤ ሜዳዩን ማድረግ ቀርቶ ማውራትም የፈሩ ነበሩ።

ስለ ጥቁረቱ፦ አትወልውለው። ሎሚ፣ አመድ፣ የቀበቶ ዘለበት ማጽጃ፣ አንዱንም አትንካ። ያ ጥቁረት የነሐስ ዕድሜ ነው፤ ስትፈገፍገው ፊደሉ ይጠፋል። በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ አቧራውን ብቻ አንሣለት። ሪባኑን አትጠበው፣ ፀሐይ ላይም አታስጣው፣ ይለቃል። በደረቅ ቦታ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለህ ከጻፍከው ማስታወሻ ጋር አንድ ላይ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ አባቴ ኮሪያ የደረሱት ተኩሱ ቆሞ ነው። “አልተዋጉም፣ ሜዳዩ አይገባቸውም” የሚሉ አሉ። እውነት ነው?
(አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እማማ፣ እውነት አይደለም። ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። ለሜዳዩ የሚቆጠረው ጊዜ ግን ከሰኔ 20 ቀን 1942 ጀምሮ እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1946 ነው፤ ማለትም ከተኩስ አቁሙ በኋላ ሙሉ አንድ ዓመት ተጨምሯል። በወቅቱ ሰላም አልተፈረመም፣ የተፈረመው ተኩስ ማቆም ብቻ ነው። ድንበሩን የሚጠብቅ ወታደር ያስፈልግ ነበር፣ አባትዎም ለዚያ ነው የሄዱት። ኮሪያ የደረሱበት ቀን በዚህ መሐል ከወደቀ ሜዳዩ የራሳቸው ነው፣ ማንም ሊነጥቃቸው አይችልም። የደረሱበትን ጊዜ የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም መታወቂያ ቤት ውስጥ ካለ እሱን ፈልገው ከሜዳዩ ጋር ያስቀምጡት።