በድሮ የሩሲያ ጦር ሽጉጦች ላይ ያሉ ማህተሞች፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ስለ ናጋን (ሰባት ጥይት በሚሽከረከር ሲሊንደር ስለሚጎርሰው ሽጉጥ) እና ስለ ሌሎች የድሮ የሩሲያ ጦር ሽጉጦች ማህተሞች የምትጠይቁኝን የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት በቀኝ በኩል ያለውን የመጉረሻ በር ከፍታችሁ፣ ሰባቱም ጉድጓዶች ባዶ መሆናቸውን አንድ በአንድ እያዞራችሁ አረጋግጡ። የግራውን ጎን ሙሉ በሙሉ በቀን ብርሃን አንሡ። ማህተሙ ይበልጥ ይታይ ብላችሁ በአሸዋ ወረቀትም ሆነ በብረት ማጽጃ አትፈትጉት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በእኛ ቤት ባለው ሰባት ጎራሽ ግራ ጎን ላይ ኮከብ፣ በኮከቡ ውስጥ ቀስት፣ ከእሱም ጋር 1936 የሚል ቁጥር አለ። ቅድመ አያታችን ዓድዋ የዘመቱበት ነው እየተባለ ነው ያደግነው። ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ አይችልም። ቀስት ያለበት ኮከብ በሩሲያ ቱላ ከተማ ያለው ፋብሪካ የሶቪየት ዘመን ምልክት ነው፤ ዓመቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ይህ ሽጉጥ ሲሠራ ከዓድዋ ድል 40 ዓመት አልፎ ነበር።

ሌላ አባል፦ ነገር ግን ሩሲያ ለአፄ ምኒልክ መሣሪያ መላኳ የታወቀ ነው። የቤተሰብን ትውፊት እንዲህ በአንድ ቃል መጣል ይገባል?

ሦስተኛ አባል፦ የተላከው በርዳን የሚባለው ጠመንጃ ነው እንጂ ናጋን አይደለም። ናጋን የሩሲያ ጦር ራሱ የተቀበለው በ1895 ስለሆነ፣ በዓመቱ ዓድዋ ደረሰ ማለት ያስቸግራል።

መልስ፦ ክርክሩ መልካም ነው፣ ግን ጥያቄው ስለ ማህተም ነው። ማህተም ሽጉጡ የትና መቼ እንደተሠራ ይናገራል፤ በማን እጅ አልፎ እዚህ እንደደረሰ አይናገርም። በዚህ ሽጉጥ ላይ ያለው ኮከብ ግን ዓድዋን የሚያህል ነገር ለመከልከል በቂ ነው።

ጥያቄ፦ የሩሲያን ንጉሥ (የዛሩን) ዘመን ናጋን ከሶቪየቱ በምን እለያለሁ?

መልስ፦ ናጋንን የነደፈው የሊዬዡ ቤልጂጋዊ ሌዎን ናጋን ነው፤ የመጀመሪያዎቹም እዚያው ቤልጂግ ተሠርተው የናጋንን ስምና የሊዬዥን ከተማ ስም ይዘው ወጥተዋል። ቱላ ማምረት የጀመረው በ1898 ነው። ከዚያ እስከ ሩሲያ አብዮት ድረስ በተሠሩት ላይ «ንጉሠ ነገሥታዊ የቱላ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ» የሚል የሩሲያኛ ጽሕፈት ከዓመቱ ጋር ታገኛላችሁ፣ በየክፍሉም ላይ የተቆጣጣሪዎቹ ትንንሽ ማህተሞች አሉ፤ ከእነዚህም ባለ ሁለት ራስ ንስሩ ዋነኛው ነው። ጽሕፈቱን በአጉሊ መነጽር ተመልከቱት፤ «ዛቮድ» (ፋብሪካ) በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ድምፅ የማትሰጥ ተጨማሪ ፊደል ካለች፣ ያ ከ1918ቱ የፊደል ማሻሻያ በፊት የነበረው አጻጻፍ ነው። የንጉሡ ዘመን የአፈሙዝ ማነጣጠሪያ ግማሽ ክብ ሲሆን፣ በኋላ ቅርጹ ተለውጧል።

ጥያቄ፦ የእኔ ኮከብ ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀስት አለው፤ ዓመቱ 1944 ነው። ሐሰተኛ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። በ1941 መጸው ጀርመኖች ቱላን ሲቃረቡ የፋብሪካው የማምረቻ መሣሪያ ወደ ምሥራቅ ተጓጓዘ፣ የናጋንም ሥራ ወደ ሌላዋ የሩሲያ ከተማ ወደ ኢዥየቭስክ ሄደ። ሦስት ማዕዘኑ የኢዥየቭስክ ነው።

ጥያቄ፦ በሰያፍ መሥመር የተከፈለ ትንሽ ካሬ አለበት። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ይህን የጠየቅከኝን ወንድሜ አመሰግንሃለሁ፤ ሌሎቻችሁ የምትዘሉት ጉዳይ ይህ ነውና። ካሬው ሽጉጡ በጦር ግምጃ ቤት ታድሶ ለመጋዘን መዘጋጀቱን ያመለክታል። ሲታደስ ብዙ ጊዜ እንደገና ይጠቆራል፣ ያረጀ ክፍል ይለወጣል፣ ከሌላ ሽጉጥ የመጣ ሲሊንደር ወይም መዶሻ ይገጠምለታል፣ የቀድሞው ቁጥር ተሰርዞ ከአካሉ ቁጥር ጋር የሚስማማ አዲስ ይመታበታል ወይም ይጫርበታል። እንዲህ ያለው ሽጉጥ ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ ናቸውና «ሁሉም ክፍል የራሱ ነው» ተብሎ ይሸጣል፤ ቁጥሮቹ ግን እንዲስማሙ የተደረጉት በኋላ ነው። የዲጂቶቹን ቅርጽና ጥልቀት ከአካሉ ቁጥር ጋር አስተያዩ፤ ሥርዙንም ፈልጉ። ሌላው ምልክት ማጥቆሪያው ራሱ ነው፤ አዲሱ ጥቁረት ወደ ማህተሙ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠና የፊደሉ ጠርዝ ከደነዘዘ፣ ብረቱ ከመጠቆሩ በፊት ተሞርዷል ማለት ነው። ዓመቱ 1915 ሆኖ ንስሩ ግማሹ የጠፋበት ሽጉጥ አይቼ ነበር፤ ባለቤቱ ዝገት መስሎት ነበር፣ ሞረድ ግን የራሱ አቅጣጫ አለው፣ ጭረቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ። የታደሰ ሽጉጥ መጥፎ ነው አላልኩም፤ እንደታደሰ ታውቆ ይገዛ ነው የምለው።

ጥያቄ፦ የወታደሩ ናጋን መዶሻው በእጅ ወደ ኋላ ካልተሳበ አይተኩስም፣ የመኮንኑ ግን ቃታው ሲሳብ ይተኩሳል ይባላል። እንግዲህ የእኔ በቃታ ብቻ ስለሚተኩስ የመኮንን ነው ማለት ነው?

አንድ አባል፦ እንዴታ! ወታደር ጥይት እንዳያባክን ተብሎ ነው የተለየው።

ሌላ አባል፦ ምክንያቱ ዋጋ ነው ይላሉ እንጂ...

መልስ፦ በሁለታችሁ መካከል አልገባም። ለጠያቂው ግን፦ ከአብዮቱ በኋላ ብዙ የወታደር ናጋኖች ወደ ሌላው ዓይነት ተለውጠዋል። ስለዚህ የንጉሡ ዘመን ዓመት ያለበት ሽጉጥ በቃታ ስለተኮሰ ብቻ የመኮንን ነው አይባልም። የእድሳት ማህተም እንዳለ አስቀድመህ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ዋጋ አልገምትም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። በአሜሪካ ሕግ እስከ 1898 የተሠራ መሣሪያ እንደ ጥንታዊ ይቆጠራል፤ ሻጩ የቱላ ማህተም ያለበት 1896 ናጋን አለኝ ይላል። ልግዛ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከላይ ቱላ በ1898 ጀመረ ብያለሁ። የቱላ 1896 ናጋን የለም። ይህን የመሰለ ዓመት ገዢውን ለመሳብ የሚቀየርበት ምክንያት ራስሽ የጠቀስሽው ሕግ ነው።

ጥያቄ፦ በካሬ ውስጥ ሁለት የላቲን ፊደሎች፣ ኤስ እና ኤ?

መልስ፦ የፊንላንድ ጦር ንብረት ነበር።

ጥያቄ፦ የእኔ ከመካከሉ ተሰብሮ ወደ ታች የሚከፈት ነው፤ በአፈሙዙ አናት ላይ የሩሲያኛ ጽሕፈት አለው። ይህም ናጋን ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ናጋን ከመካከሉ ተሰብሮ አይከፈትም። ያንተ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው፣ ከ1871 ጀምሮ ለሩሲያ ጦር የታዘዘው ዓይነት ነው። ግን ከአሜሪካው ፋብሪካ ሌላ በበርሊን ሉድቪግ ሌዌ፣ በሩሲያም ቱላ ሠርተውታል፤ ጽሕፈቱ የየፋብሪካውን ስም ይዟልና ሦስቱን የሚለየው እሱ ነው። ጽሕፈቱን በግልጽ አንሥተህ ላክልኝ፤ አትፈትገው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ይህን የመሰለ ሽጉጥ በእጄ ማቆየት እችላለሁ?

መልስ፦ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ፖሊስ ወይም የሕግ ባለሙያ ጠይቅ። እኔ ሕግ አልተረጉምም።

ጥያቄ፦ ማህተሙ አይነበብም፣ ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ፎቶ የለም፣ የትኛው ጎን እንደሆነ አልተጻፈም፣ ዓመቱም አልተጠቀሰም። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጥ፣ ቀጥለህ የግራውን ጎን በሙሉ በቀን ብርሃን አንሣና ላከው።

ጥያቄ፦ ጠራርጌው ልላከው?

መልስ፦ እንዳለ ላከው።